ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበት ካሴት

ካጂዋራ ቶሞያሱ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አዙሮ ነው። ጭንቅላቱን ከኋላ የመታው፣ ከብረት የተሠራ ከባድ የመጽሐፍ መደገፊያ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። በዙሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ የልጆች ስም ተደርድሯል።

ስሞቹ የተጻፉት በአሮጌ የጨዋታ ካሴቶች ጀርባ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የኦሳካ ልጆች ካሴት ሲዋዋሱ እንዳይጠፋባቸው ስማቸውን በማርከር ይጽፉበት ነበር። ሌሎች ሰብሳቢዎች ካርቶኑ ያልተነካውን፣ ጭረት የሌለበትን ሲያሳድዱ ካጂዋራ የሚፈልገው ይህን የተሞነጫጨረውን ነበር። እሱም ቢሆን የጀብዱ ጨዋታ መሆን ነበረበት፤ ልጁ ለጀግናው ስም አውጥቶ፣ ወራት ለፍቶ፣ የደረሰበትን ካሴቱ ውስጥ «ሴቭ» አድርጎ የተወው ዓይነት።

«የሰው ስም ያለበትን ምን ያደርግለታል?» ብላ ጠየቀች መርማሪ ኢሶቤ ማቺኮ።

«ባለቤቶቹ ይመጡለታላ» አለ ሬንታ። የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ ሬሳውን ጠዋት ያገኘውም እሱ ነው። «አጎቴ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፈዋል። ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የልጅነት ጽሕፈታቸውን አይተው እያለቀሱ ይመጣሉ።»

«ይመልስላቸዋል?»

ሬንታ ሳቀ፤ ወዲያው ሬሳውን አየና ሳቁን ዋጠ። «ያሳያቸዋል። ስለ ጨዋታው ያስወራቸዋል። ከዚያ ዓይናቸው እያየ ሴቩን ያጠፋዋል። አንዳንዴ ራሳቸው እንዲያጠፉት ያደርጋል። እኔ ቪዲዮ እቀርጽለት ነበር፤ ብዙ ሰው ያየዋል።»

«አንተስ ደስ ይልሃል?»

«ሥራ ነው» አለ ወጣቱ።

ኢሶቤ ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው የጨዋታ ማሽን አጠገብ ተንበረከከች። ቀይና ነጭ፣ ዕድሜው ከሬንታ የሚበልጥ ማሽን ነው። በስተግራ ያለው ማብሪያ ላይ ደም ተለቅልቋል፤ በስተቀኝ ያለችው ሪሴት የምትባለው ቁልፍም ላይ እንዲሁ። የጣት አሻራ የለም። ካጂዋራ ነጭ የጨርቅ ጓንት ያላጠለቀ ሰው ስብስቡን እንዲነካ አይፈቅድም፤ የጓንቱ ሳጥን በሩ ላይ ነው። ጆይስቲኩን ስታየው ክቡ ቁልፍ ላይ ደም አለ። ጀግናውን ወዲያና ወዲህ የሚያስኬደው የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ ግን ንጹሕ ነው። ማሽኑ ውስጥ የተሰካው ካሴት ጀርባው ላይ በተንጋደደ ፊደል «አራተኛ ክፍል፣ ኡሜዛዋ ሱጉሩ» ይላል።

«ይህን ማሽን እንዴት ነው የምታጠፋው?»

«ማብሪያውን ገፋ ማድረግ ነዋ!» አለ ሬንታ። «ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው?»

«ሪሴቷስ?»

«ሲደርቅ እንደገና ለማስነሳት። አሮጌ ዕቃ አይደል፣ ይደርቃል።»

ካጂዋራ በተገደለበት እሁድ እሱ ዘንድ የገቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም አልካዱም፤ ሦስቱም ስንወጣ በሕይወት ነበር አሉ። አንዱ ስብስቡን እንሽጠው ብሎ የተሰደበው ሬንታ ራሱ ነው። ሁለተኛው ኒፖምባሺ ውስጥ የአሮጌ ጨዋታዎች ሱቅ ያለው ዋኩዳ ሺንጎ ነው።

«ኢሶቤ ሳን! ፖሊስም ጨዋታ ጀመረ?» አለ ዋኩዳ ስትገባ ከካሴቱ ቀና ሳይል። ጥጥ በአልኮል እየነከረ መሰኪያውን ይጠርጋል።

«ካጂዋራን ማን ይጠላው ነበር?»

«የሚወዱትን ቢጠይቁኝ ቶሎ እጨርስልዎት ነበር።»

«እርስዎ እሁድ ምን ፈልገው ሄዱ?»

«መደርደሪያው አናት ላይ ያለችውን ወርቃማዋን ካሴት። በመላው አገር ከጥቂቶቹ አንዷ ናት። ስመኛት ዓመታት አለፉኝ። እሁድም ውሻ እንደሚያባርር አባረረኝ።»

ኢሶቤ ወርቃማዋን አይታታለች፤ አቧራዋ እንኳ አልተነካም። «ማሽኑን ያጠፋው ሰው ሁለቱንም ቁልፍ ነክቷል» አለች።

ዋኩዳ ጥጡን አስቀመጠ። «ሪሴቱን ተጭኖ ይዞ፣ በሌላ እጁ ማብሪያውን ያጠፋል። ያለዚያ ሴቩ ሊበላሽ ይችላል። በጊዜው ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ የተማርነውም አልቅሰን ነው።»

«ሴቩን ይህን ያህል ዓመት የሚያቆየው ምንድን ነው?»

«ውስጡ ያለች ጠፍጣፋ ባትሪ።»

«ከሠላሳ ዓመት በላይ?»

«ጥሩ ባትሪ ከሆነች ትቆያለች።»

«ካለቀችስ?»

«ትነቀልና ሌላ ይበየዳል።»

«ያኔ ሴቩስ?»

«ካሴቱ እንደ አዲስ ይሠራል» አለ ዋኩዳ፤ ወደ ጥጡም ተመለሰ።

ሦስተኛዋ ጎብኚ ወይዘሮ ኡሜዛዋ ቺዙኮ ናቸው። ቴኖጂ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኢሶቤ ከቤታቸው ስትደርስ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ አቀረቡላትና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከጀርባቸው፣ በትንሹ የቤት መሠዊያ ላይ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ይስቃል።

«ሱጉሩ ነው» አሉ። «ካንሰር ነበር፣ የደም። ከቀብሩ በኋላ ባለቤቴ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ካርቶን አሽጎ ሸጠው። ማየት አልቻለም። እኔ ደግሞ አለማየት አልቻልኩም።»

«ካሴቱን እንዴት አገኙት?»

«ሱቅ ለሱቅ ስዞር አረጀሁ። ኋላ የእህቴ ልጅ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አየችው። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እሄዳለሁ። ካጂዋራ ሳን ደግ ሰው ነበሩ።»

«ደግ?»

«ያሳዩኝ ነበር። መጀመሪያ ዕቃቸውን አጥብላቸዋለሁ፣ ምሳ ይዤ ከሄድኩም ይበላሉ። ከዚያ ይከፍቱልኛል። ጆይስቲኩን ራሳቸው ይይዛሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።» ወይዘሮዋ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ያ ትንሹ ጀግና ቆሞ እንኳ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ አይተውት ያውቃሉ? ዝም ብሎ አይቆምም። ሱጉሩም እንደዚያ ነበር።»

«ማሽኑን እርስዎ ያውቁበታል?»

«እኔ? የምድጃዬን ሰዓት እንኳ መሙላት አልችልም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መርማሪ ሳን፣ ካሴቱ አሁን የሬንታ ሳን ነው አይደል? የሚሸጥ ነገር አይደለም። ነገሩ ሲያልቅ ለእኔ ቢሰጠኝ… ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

ኢሶቤ የቀረበላትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በካጂዋራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬንታ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዋኩዳ ወርቃማዋን አሻቅቦ ያያል። ወይዘሮ ኡሜዛዋ ከወንበሩ ኋላ፣ በለመዱት ቦታ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አለ።

«ገዳዩ ካጂዋራን ከመታ በኋላ ወዲያው አልሸሸም» ስትል ጀመረች ኢሶቤ። «በደም የራሰ ጓንት አጥልቆ ማሽኑን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ አጠፋ። ሌባ ቢሆን ወርቃማዋን ይወስድ ነበር።»

ዋኩዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «አመሰግናለሁ።»

«ገና ነው። ገዳዩ ጆይስቲኩን ይዟል፤ የጫነው ግን ሴቩን የሚከፍተውን ክብ ቁልፍ ብቻ ነው። ጀግናውን አንድ እርምጃ እንኳ አላስኬደውም። ጨዋታ የለመደ እጅ ይህን ይዞ ዝም አይልም። ይህ ሰው ማየት ብቻ ነው የፈለገው።»

«እኔ ጨዋታው ራሱ አይጥመኝም» አለ ሬንታ።

«አውቃለሁ። ማሽኑ የጠፋው በሁለት እጅ፣ ሪሴቱ ተይዞ ነው። አንተ በአንድ ጣት ታጠፋለህ። በአንዱ ቪዲዮህ ላይ እንደዚያ ስታጠፋ አጎትህ በጥፊ ይመታሃል፤ ለምን እንደተመታህ ግን ዛሬም አልገባህም።»

ሬንታ ጉንጩን ዳሰሰ።

«ዋኩዳ ሳን ደግሞ ያውቁበታል። ግን ለእርስዎ ካሴት ማለት ቅርፊቱ ነው። ውስጡ ማን እንዳለ ከፍተው አይተው ያውቃሉ?»

«ምን ሊሠራልኝ?»

«እንግዲህ ሬሳው አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ዋጋ የሌላት አንዲት ሴቭ እንዳትበላሽበት የተጨነቀ ሰው ነው የቀረኝ። ወይዘሮ ኡሜዛዋ ደግሞ ማሽኑን አላውቅም ብለዋል።»

«አላውቅም» አሉ ወይዘሮዋ።

ኢሶቤ ጓንት አጠለቀችና ማሽኑን ከፈተች። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሙ መጣ፦ ሱጉሩ፣ ደረጃ ሃያ ሦስት። ክቡን ቁልፍ ስትጫን አንድ ትንሽ ጀግና በጨው ከተሠራ ቤተ መንግሥት በር ፊት ታየ፤ ባለበት ቆሞ ይራመዳል። ወይዘሮ ኡሜዛዋ ትንፋሻቸውን ያዙ። ኢሶቤ ለአፍታ ካሳየቻቸው በኋላ አንድ እጇን ዘርግታ ጣቷን ማብሪያው ላይ ብቻ አሳረፈች።

«ሪሴቱን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ኡሜዛዋ። «ምን ነካሽ አንቺ! ሪሴቱን ያዢው!» ወንበሩን ገፍትረው፣ ቀኝ እጃቸውን ቁልፏ ላይ፣ ግራቸውን በኢሶቤ ጣት ላይ ጭነው ነበር።

 ኢሶቤ እጇን ቀስ ብላ አነሳች።

«ማን አስተማረዎት?»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ከቁልፏ ላይ አላነሱም። «አንዴ ለራት ስጠራው አልመጣም ቢለኝ፣ ተናድጄ ማብሪያውን ገፋሁት። የሁለት ወር ልፋቱ ጠፋ። ማታውን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ከዚያ አስተማረኝ። ‹እማዬ፣ መጀመሪያ ይቺን ተጫኚ፤ እስኪጠፋ እንዳትለቂያት› አለኝ።»

«እሁድ ካጂዋራ ምን አለዎት?»

«ዕቃ አጥቤ ስመለስ ‹ሰለቸሽኝ› አለኝ። ‹ልጅሽ እኮ እዚህ የለም። ድሮ አጥፍቼዋለሁ። ስትንበረከኪለት የኖርሽው እኔ የሠራሁት አሻንጉሊት ነው› አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይስቅ ነበር።» ወደ ማያ ገጹ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ኩራት የሚመስል ነገር ነበር። «ውሸቱን ነው! ከመታሁት በኋላ ከፍቼ አየሁ። አለ። ደረጃ ሃያ ሦስት፣ በሩ ላይ፣ ሱጉሩ ሆስፒታል ሊገባ ሲል እንዳቆመው። ሊያቃጥለኝ ነው የዋሸኝ።»

ኢሶቤ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው።

«አልዋሸም» አለ ዋኩዳ።

«ዋኩዳ ሳን፣ ይብቃዎት።»

«ምን ይበቃል? ሰውዬው ባልዋሸበት እየታማ ነው። ባትሪዋን የቀየርኳት እኔ ነኝ። ‹አንዲት እናት መጥታ ነበር፣ ለሚቀጥለው እሁድ አድርስልኝ› ብሎ ካሴቷን አመጣት። ባትሪ ሲነቀል ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

ወይዘሮ ኡሜዛዋ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ደረጃውን በምን አወቀ? በሩን በምን አወቀ?»

 መልሱን ራሳቸው አገኙት። በመጀመሪያው እሁድ ካጂዋራ ሻይ ቀድቶላቸው ነበር። ልጁ የት ደረሰ፣ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነበር፣ ምን መሣሪያ ይዞ ነበር እያለ ረጋ ብሎ ጠየቃቸው። ከሱጉሩ ሞት ወዲህ ይህን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ደስ ብሏቸው አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ካጂዋራም ሳምንቱን ሙሉ ተጫውቶ፣ የነገሩትን ልጅ ሠርቶ ጠበቃቸው።

«ሲያመጣት… ስትነቅላት ባትሪዋ ሕይወት ነበራት?» ብለው ጠየቁ።

«ደክማለች እንጂ ነበራት።»

«ሳይጠፋ መቀየር አይቻልም?»

«ይቻላል» አለ ዋኩዳ። «ጊዜ ይፈጃል።»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዘ። ወይዘሮ ኡሜዛዋ እንደ ሕፃን ተከተሉት። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ ጥቂት ቆዩ፤ ማሰሪያው አልያዝ አላቸው። ከዚያ ተመልሰው ዋኩዳን አዩት።

«ከመንቀልህ በፊት ከፍተህ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም።»

ወይዘሮ ኡሜዛዋ ጎንበስ ብለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ዝቅ ብለው፣ እጅ ነሱት። ሱጉሩን ለመጨረሻ ጊዜ በእጁ የያዘው ሰው እሱ ነበር።