ፎቶ ቤት የጠረገው እንባ

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ፣ የጓደኛዋን ስልክ ተቀብላ።

«እኔ ነኛ። ውስጤ ሲጮህ።»

ፎቶው ላይ ጓደኛዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ግድግዳ ተደግፋለች፤ ያውም በጥቁርና ነጭ። ከክፍሉ ተማሪ ግማሹ ፊቱን ሸፍኖ፣ የተቀረው የተሰነጠቀ መስታወት ላይ አፍጥጦ ነው የተነሳው። የሥነ ጥበብ መምህሩ «እኔ ማን ነኝ? ምን ይሰማኛል?» የሚል የፎቶ ሥራ ሰጥተው፣ የሚመረጠው አንዱ ፎቶ ትልቅ ሆኖ የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ይሰቀላል ካሉ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ሐዘንተኛ ሆኗል። የሰው ጫማ ደብቆ ሲንከተከት የከረመው ሳይቀር።

«ያምራል» ብላ ስልኩን መለሰችላት። ሲያስጠላ፣ አለች በሆዷ።

እሷ እንደነሱ አይደለችም። እናቷ ፎቶ ቤት አላት፤ መብራት የት እንደሚቆም ያወቀችው ገና በልጅነቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ሳትሸፍን ራሷን አነሳች። ግራ ጉንጯ ላይ አንድ እንባ፣ በቃ። እሱ ካልተሰቀለ የማን ሊሰቀል ነው?

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። እናቷ ፎቶውን አጥባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላታለች። እንባው ግን የለም።

«እማ፣ ምን አደረግሽው?»

«አጸዳሁልሽ» አለች እናቷ፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች። ከዚህ ቤት ብጉሩ ሳይጠፋ፣ ላቡ ሳይጠረግ የሚወጣ ፎቶ የለም። «ጉንጭሽን ውሃ ነክቶሽ ነበር።»

«እንባ ነው እኮ።»

እናቷ መቀሱን አስቀምጣ ቀና አለች። «ለእኔ ነው ልጄ? የሟች ፎቶ አሳድጊልኝ እያለ እዚህ ስንቱ አልቅሷል። የሚያለቅስ ሰው ዓይኑ ያብጣል፣ አፍንጫው ይቀላል። ያንቺ አፍንጫ ምንም አልሆነ።»

ልጅቷ ፊቷ ጋለ። ጠብታዋን ከቧንቧ በጣቷ ወስዳ ነው ያስቀመጠቻት፤ ሦስቴ ፈስሳባት በአራተኛው ነው የቆመችላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

«ያልጸዳው ኮምፒውተሩ ላይ አለ» አለች እናቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳ። «ከፈለግሽ እሱን አጥብልሻለሁ።»

ፎቶውን አንስታ አየችው። ጠብታዋ ስትጠፋ የቀረው ፊት ሌላ ነው። አንዱ ቅንድብ ሰቀል ብሏል፤ የከንፈሯ ጥግ ወርዷል። ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ የጨረሰ ፊት። ዛሬ «ያምራል» ስትላት ጓደኛዋ ያየችው ይኼንኑ ፊት ይሆናል። አፈረች። መግቢያው ላይ ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያየው ታሰባት። ግን የእሷ ፊት ነው፤ እንደ እንባው ከቧንቧ አልመጣም።

«ልጠብልሽ ወይስ?»

«ተዪው እማ። ይኼኛው ይሁን።»

ከፎቶው ጋር ለመምህሩ የሚሰጠውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። «የሚታየው ስሜት» ከሚለው አጠገብ «ጥልቅ ሐዘን» ብላ አሳምራ ጽፋ ነበር። ሰረዘችው። ከሥሩ «ንቀት» ብላ ጻፈች።