ማውጫው ላይ የተጨመረችው መስመር

ሽማግሌው ፕሮግራመር የሞቱት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆባቸው በሩ ሥር ተደፍተው ተገኙ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ሰው እንዲወጣ ደወል መጮኽ ነበረበት፤ አልጮኸም። ደወሉን የሚያዘው ኮድ በዚያው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ ለውጡም የተመዘገበው በገዛ ልጃቸው ስም ነው።

ልጅቷ እዚያው ፕሮግራመር ናት። የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሰው ደግሞ እንባ ካላየ ሐዘን አያምንም፤ ቢሮው በሙሉ ፈርዶባት ነበር።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«በማውጫው ነዋ። አባዬ ኮድ የነካ ሰው፣ የሲስተሙ ክፍሎች የተዘረዘሩበት የሰነዶቹ ማውጫ ላይም ያስተካክል ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ፋይል ማን ያነባል? አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም።»

መርማሪዋ ማውጫውን አስከፍታ ብዙ ቆየችበት።

የቢሮው ኃላፊ የምትለው አጭር ነው። «አራት ሰዓት ላይ እሳቸው እኔ ቢሮ ነበሩ። አሮጌው ሲስተም እንዲዘጋ ፈረሙ። እኔ ኮድ ማንበብ እንኳ አልችልም።»

የቀሩት የሟቹ የረጅም ጊዜ ባልደረባ ናቸው። ሲስተሙን ከመጀመሪያው አብረው ስለጻፉት ሰዉ ሁለቱን «መንታዎቹ» ይላቸዋል። «እንደ ልጄ ነው ያስተማርኳት። የይለፍ ቃሏን እንኳ ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አሉ በሐዘኔታ።

ከሰዓት መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ብዬ ማውጫውን አየሁ። ይህች ልጅ በስድስት ዓመት ኮዱን ዘጠኝ መቶ ጊዜ ነክታለች፤ ማውጫውን አንዴም አልነካችም። ደወሉ በቆመ በሁለተኛው ደቂቃ ግን በስሟ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ‹የማንቂያ ደወል፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ አይሠራም።› ነፍሰ ገዳይ ሥራውን ይደብቃል እንጂ አይመዘግብም፤ እጁ ካልለመደ በቀር። ማውጫውን የሚያርሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ በዚያ ሰዓት ኃላፊዋ ቢሮ ነበሩ።»

ሁሉም ወደ ባልደረባው ዞሩ።

«ለምን ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ሊፈርም ሲገባ አየሁት። የሁለታችንን ዕድሜ ነው የዘጋው፤ ሳይጠይቀኝ። ሰርቨር ክፍል ሲገባ ጋዙን የለቀቅሁትም እኔ ነኝ።»

«መስመሯንስ ለምን ጻፏት?» አለች መርማሪዋ።

ባልደረባው ጥያቄው የገባቸው አይመስልም። «ሳይጻፍ ይቀራል እንዴ? ነገ የሚመጣው ሰው ደወሉ ይሠራል ብሎ ያምናል። ሰው ይሞታል።»

ከወሰዷቸው በኋላ ልጅቷ ደወሉን ወደ ሥራ መለሰችው። ማውጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍታ፣ ገጹን ፈልጋ «ይሠራል» ብላ ጻፈች። ያኔም አላለቀሰችም።