ሞላውን ማን ቀየረው?

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። የሆነ ነገር ነው። እኔው ላይ የሆነ።

ሳልለካ፣ ሳልመዝን፣ በመነጽር ሳላይ የማላምን ሰው ነኝ። እንጀራዬም እሱ ነው። ይህን ግን የምለካበት ነገር አጣሁ...

ዓርብ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ።

ጨለማ አልነበረም። እስራኤል ነው፤ የረሆቮት ከተማ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ከጎረቤት ራዲዮ ይሰማል። ሰው ሁሉ ሰንበት ሳይገባ ሥራውን ለመጨረስ ይሯሯጣል።

ቤታችን ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ነው። አባ፣ እማ እና እኔ ነበርን።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከጀርመን የተመለስኩት በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። እዚያ የተማርኩት ብረት እንዴት እንደሚያረጅ ነው። ድልድይ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ሞላ ለምን ጉልበት እንደሚያጣ። አባ ይህን ሲሰማ፣ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝገት ስታዪ ኖርሽ?" ብሎ ስቆብኛል።

ልቀር ነው የመጣሁት ወይስ ልመለስ? እኔም አላውቅም። ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁም።

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድሜን ማየት እፈልጋለሁ።

አያ ውብነህ። ታላቄ ነው። ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሽሚራ ይሠራ ነበር፤ ጥበቃ። ከዓመት ከአራት ወር በፊት ሥራ ቀይሮ ወደ ደቡብ፣ ኤላት ወረደ አሉኝ። የሚሠራበት ቦታ በስልክ ማውራት አይፈቀድም አሉኝ። ስደውል አያነሳም። ትንሽ ቆይቶ ግን ይጽፍልኛል።

"ሥራ ላይ ነኝ እህቴ። ሀኮል ቤሰደር፤ ሁሉ ሰላም።"

እኔም እጽፍለታለሁ። ለሰው የማልነግረውን ሁሉ። ትምህርቱ እንዳንገፈገፈኝ። አብሮኝ የነበረው ሰው ጥሎኝ እንደሄደ። እቤት ስመለስ እንግዳ እንዳልሆን እንደምፈራ። በአባ አነጋገር አፍሬ እንደማውቅም ጽፌለታለሁ...

"ለማንም እንዳትናገር፣ አያ።"

"ማን ይሰማል ብለሽ።"

ማክሰኞ ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ጻፍኩለት። "እሁድ እመጣለሁ" አለኝ።

እንግዲህ ያን ዓርብ ወደ ከተማው ገበያ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ አባ ከውስጥ ጠራኝ።

"ወዴት ነው?"

"ሹቅ ደርሼ ልምጣ።"

"አንች ደግሞ! በዚህ ሐሩር? ተይውና ይህን ሽጉጥ እይልኝ።"

አባ ጡረታ ሳይወጣ የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበር። ሽጉጡ የዚያን ጊዜ ነው። የራሱ፣ በራሱ ፈቃድ። ፈቃዱን ለማደስ እሁድ ተኩስ አለብኝ አለኝ።

"ውብነህ ከሄደ ወዲህ ሳጥኑ አልተከፈተም። የኔ ጣት እንደሆነ አይታዘዝም።"

ጽዳቱ ሁልጊዜ የወንድሜ ሥራ ነበር። ቢተኮስበትም ባይተኮስበትም፣ በየዓርቡ ይፈታዋል፤ ይወለውለዋል፤ መልሶ ይገጥመዋል። ምን ያደርግልሃል ስለው፣ "ሳይነካ የከረመ ሽጉጥ አላምንም" ይል ነበር።

የብረቱ ሳጥን ማማድ ውስጥ ነው፤ ሳይረን ሲጮህ የምንሸሸግበት ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል። አባ አንገቱ ላይ ያሰራትን ቁልፍ አወጣ። አንዲት ቁልፍ ናት። ሲታጠብም አያወልቃትም።

ሳይከፍተው በፊት አዋቂነቴን ላሳይ ፈለግኩ።

"ምን እንደምናገኝ ልንገርህ? ዘይቱ ወርዶ ታች ተቋጥሯል። የቀረው ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟል። ከባሕር የሚመጣው እርጥበት ደግሞ አፈሙዙን ነጥብ ነጥብ አድርጎ አዝጎታል።"

"እና አይተኩስም?"

"አንዱን ይተኩሳል። ይሄኮ በአንዱ ጥይት ጉልበት ሌላውን ራሱ የሚያጎርስ ነው። ሙጫ ከያዘው ሁለተኛውን አያጎርስም። እጅህ ላይ ደርቆ ይቀራል።"

"ያላ፣ በይ፣ ከፍቼልሻለሁ" አለ።

በሩ ሲከፈት... ሽታው ቀደመኝ።

የዘይት ሽታ ነው። የትኩስ ዘይት።

ሽጉጡን አነሳሁ። ጥይት የተደረደረበትን ካዝና አወጣሁ። ላይኛውን ብረት ስቤ ውስጡን አየሁ። ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቼ ፈታሁት።

አንድም የዝገት ነጥብ የለም።

ዘይቱ አልደረቀም። አልወረደም። እንደ ላብ ስስ ሆኖ፣ ሁሉም ቦታ እኩል ተዘርግቷል። ዘይት ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል።

በጣቴ ነካሁት። ጥርት ያለ ነው።

"አባ... ይሄ ዛሬ ነው የተቀባው። ቢበዛ ትናንት።"

አባ ጎንበስ ብሎ አየው።

ሞላውን አወጣሁ። ከአፈሙዙ ሥር የሚገባው፣ ላይኛውን ብረት ወደ ቦታው የሚመልሰው ነው። ብዙ የተኮሰ ሞላ ያጥራል። ሲያጥር ብረቱን በደንብ አይመልስም፤ ሽጉጡ መሀል ላይ ይከዳል።

አያ ውብነህ በድምፁ የላከልኝ የመጨረሻ መልእክት ስለዚህ ሞላ ነበር። "ዘመናይ፣ አዲስ ገዝቼ አሮጌውን ከጎኑ ሳቆመው፣ አሮጌው የጥፍር ያህል አጥሯል። ልቀይረው ነው።" እኔም በፈተና ተወጥሬ፣ "ተወው አያ፣ ገና ብዙ ይሄዳል" ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲያ በድምፁ አላወራኝም። መጻፍ ብቻ።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሞላ ረጅም ነው።

አዲስ።

ከሳጥኑ ወለል ላይ አንዲት የሞላ ማሸጊያ የፕላስቲክ ከረጢት አየሁ። ተቀድዳ ባዶዋን ቀርታለች። ከጎኗ አሮጌው ሞላ ቆሟል።

አባ ከረጢቷን አነሳት። አገላብጦ አያት።

"ይሄ... የውብነህ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እንደታሸገ። እኔው ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት።"

"መቼ?"

ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

"አባ፣ መቼ?"

ዘወር ስል እማ በሩ ላይ ቆማለች። የተፈታውን ሽጉጥ አየችው። ከረጢቷን አየቻት።

"እጅሽን ታጠቢ" አለችኝ። "ሰንበት ሊገባ ነው።"

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ነገሩ ገባኝ መስሎኝ።

"መጥቷላ! ረሆቮት ድረስ መጥቶ፣ ሽጉጥ ወልውሎ፣ እኔን ሳያይ ተመለሰ! ምን አድርጌው ነው?"

"ዘመናይ..." አለ አባ።

"አትከልክለኝ! አሁኑኑ ይነግረኛል።"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

አንዴ ጠራ...

ከወጥ ቤት የስልክ ጥሪ ተሰማ።

ዘጋሁት። የወጥ ቤቱም ቆመ።

እንደገና ደወልኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ያሮን ነው። የአክስቴ ልጅ። እናቱ የላከችውን የሰንበት ዳቦ ይዞ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ነበር። ስደርስ የሱሪ ኪሱን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞታል። ኪሱ ይጮሃል።

"አውጣው" አልኩት።

"ዘመናይ፣ ዳይ... ተይ..."

"አውጣው!"

የወንድሜ ስልክ ነው። ጥግ ላይ የተሰነጠቀው። እኔ ነኝ የገዛሁለት።

"ማነው ሲጽፍልኝ የነበረው?"

አንገቱን ደፋ።

"እኔ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ምን ላድርግ? ዶክቶራትሽን ሳትጨርሺ እንዳይሆን ተባለ። እዚያ ብቻሽን ነሽ። የሚይዝሽ ሰው የለ፣ አብሮሽ የሚያለቅስ የለ..."

የሚያለቅስ።

ቃሏን ሰማኋት። አልገባችኝም። ወይም ገብታኝ ገፋኋት።

"የት ነው?"

ያሮን አባን አየ።

"እሁድ..." አለ አባ ከኋላዬ። "እሁድ ጠዋት ሽማግሎቹ መጥተው ሊነግሩሽ ነበር። እነሱ ሳይሰበሰቡ ዓርብ ደረሰ፤ በሰንበት ዋዜማ መርዶ አይነገርም። እስከዚያ በር እንዳትወጪ ብዬ... ሽጉጡን የሰጠሁሽ እጅሽ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው። የእድሳት ተኩስ የለብኝም፣ ልጄ።"

ወንበር ፈለግኩ። አላገኘሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ መኪና ገጨው። ያን የድምፅ መልእክት በላከልኝ በሦስተኛው ቀን። ሞላውን ሳይቀይረው።

ሁሉም ያውቃል። ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ ጀርመን ድረስ ደውላ "ወንድምሽ እንዴት ነው?" ያለችኝ ጓደኛዬ ሳትቀር። ማክሰኞ አውሮፕላን ጣቢያ አቅፈው የሳሙኝ ሰዎች ሁሉ ቀብሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ብቻ ነኝ በሕይወት ያቆየሁት።

መርዶ እንደዚህ እንደሚያዝ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እኔም ለሌላ ሰው ዝም ብያለሁ። ለደግ ነው ይባላል። እኔ ግን ያሮንን ሳየው የታየኝ ሌላ ነው። ማታ ማታ ያለቀስኩበትን ሁሉ እሱ አንብቦታል። በአባ ማፈሬንም...

"ለእነማን አነበብክላቸው?" አልኩት።

ዓይኑ ወደ እማ ሄደ። እማ ዳቦውን በጨርቅ ትሸፍናለች።

ሲበርድልኝ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በሹክሹክታ ጠየቅኩ።

"ሽጉጡንስ? ሽጉጡን ማን አጸዳው?"

አባ ወደ ያሮን ዞረ። "አንተ ነህ?"

"እኔ? አባ ሸጋው፣ በአምላክ! እኔ ቢላ እንኳ በቅጡ አልይዝም። ደግሞስ በምን ቁልፍ?"

አባ ደረቱን ዳበሰ። ቁልፏ እዚያው ናት።

ሽጉጡን እንደተፈታ፣ ከነጨርቁ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ጸሎት ይሁን ሌላ፣ አልሰማሁትም።

ሰንበት ዋለ። ማንም አላለቀሰም። አይፈቀድም።

እሁድ ጠዋት መጡ። ከፊት የቤተ እስራኤሉ ቄስ ደስታዬ፣ ከኋላ ሽማግሎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ። የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ነገሩኝ። ያኔ ጮህኩ። ዓርብ ያልወጣው ሁሉ ወጣ።

ቤቱ በሰው ሞላ። እማ በሰጠችኝ ነጭ ነጠላ ተጠቅልዬ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ሰው በተራ እየመጣ ጎንበስ ይላል። ትከሻዬን ይነካል። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ይላል። ያልፋል።

የማንንም ፊት አላየሁም። ማየትም አልፈለግኩም። ሁሉም ዋሽተውኛል።

አንዱ ምንም አላለም።

ጎንበስ አለ። ቀኝ ትከሻዬን ያዘው። ጠበቅ አድርጎ። ቆየ... ከሌሎቹ ይልቅ ቆየ።

ከዚያ ለቀቀኝ።

ቀና ስል ከፊቴ ሰው አልነበረም። ቀጣይዋ ሴት ገና በሩ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች።

ወደ ማታ ሰዉ ሲሳሳ እማ መጣች። ትከሻዬን አየችው።

"ነይ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ነይ፣ ሌላ ልስጥሽ።"

መኝታ ቤት ወስዳ ነጠላውን ከላዬ ገፈፈችው። ያኔ ነው ያየሁት። ነጩ ላይ አራት ጣት። የዘይት። እርጥብ ነው፤ ዓይኔ እያየ ይሰፋል።

"እማ... ይሄ ምንድነው?"

"ሽሽ። አባትሽ እንዳይሰማ።"

ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከላይ ካለው አንድ ንጹሕ ነጠላ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ከሱ ሥር ሌሎች ነበሩ። በጥንቃቄ ታጥፈው የተደረደሩ፣ የእማ የራሷ ነጠላዎች። ስድስት... ሰባት... ከዚያ በላይ። ሁሉም ቀኝ ትከሻቸው ላይ አራት ጣት።

እማ የኔን አጣጥፋ ከላያቸው አስቀመጠችው።

"በሙቅ ውሃም በበረኪናም ሞክሬዋለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አይለቅም።"