ከጉድጓዱ አፍ የተነሣው ቆርቆሮ

የመምህሩን አስከሬን ከአሮጌው ጉድጓድ ሲያወጡት የተማሪዎቹን ማስተር ፕላን በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም፤ በቦታው ለምለም ሣርና ቀጭን የእግር መንገድ ተሥሏል። ሰውዬው የዓርቡ ዝናብ የት እንደተኛ ሊያይ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ባዶው ግቢ መጣ፤ በወረቀቱ መንገድ ሄደ፤ ጉድጓዱ ዋጠው።

ኢንስፔክተሯ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንቱን ቀማኛ ያንበረከከች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ቸኮለች። ሽማግሌውን የግቢ ዘበኛ በሰው ፊት አንጓጠጠችው።

«አንተ! ጉድጓድ ክፍት ትተህ የት ስትልከሰከስ ከረምክ?»

«ነፍሰ ጡር ልጄ ሐኪም ቤት ተኝታብኝ ነው፣ እመቤቴ። አሁንም ልብስ ልቀይር ብዬ ነው የመጣሁት። ማክሰኞ ስሄድ በቆርቆሮ ከድኜ ድንጋይ ጭኜበታለሁ።»

«ዝም በል፣ ውሸታም!» አለችና ወደ ጣቢያ አስወሰደችው።

ሰኞ ጠዋት ከጉድጓዱ የወጣውን ዕቃ ስታገላብጥ አንድ የራሰ ካርቶን እጇ ገባ። ጠርዙ ቀጥ ብሎ በማስመሪያ የተቆረጠ ነው። የትኛው ዘበኛ ነው ካርቶን በማስመሪያ የሚቆርጠው?

ግቢውን እንዲያቅዱ በቡድን የተመደቡት ሦስት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ናቸው፤ ረጅሙ፣ ባለመነጽሯ፣ ሞዴል ሲቆርጥ ስለሚውል «ምላጩ» የሚሉት ደግሞ ሦስተኛው። አንድ በአንድ አስገባቻቸው።

«ጉድጓዱን አይተኸዋል?» አለችው ረጅሙን።

«አላየንም።»

«ብቻህን ነህ እኮ! ‹አላየንም› ማለት ከማን ጋር ነው?»

«የቡድን ሥራ ስለሆነ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ባለመነጽሯ ተተካች።

«ቦታውን በእግርሽ ዞረሻል?»

«ሐሙስ ዞረናል፤ ለክተናል፤ ፎቶም አንሥተናል።»

«ጉድጓዱንስ?»

«አላየንም።» መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ቆሻሻ ግን አልነበረበትም።

ምላጩም ያንኑ ደገመ። እነዚህ ልጆች ሲዋሹ እንኳ ቃላቸው ያምራል! ብቻውን ተቀምጦ ስለ ሦስት ሰው የሚመልስ ሰው ቀድሞ ተማክሯል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሥዕል ክፍላቸው ሰበሰበች፤ ዘበኛውንም አስመጣችው። የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ከሰሌዳው አልጠፋም፦ «መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበትን እዩ፤ ከዚያ አስምሩ።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ፎቶ በጣቷ መታችው።

«ይህን ሐሙስ ነው ያነሣችሁት። የጉድጓዱ አፍ እዚህ ጋ ነው፤ ሣር ለብሷል። በጉድጓድ አፍ ላይ ሣር አይበቅልም፤ የታጨደ ነው። ዘበኛው ማክሰኞ መሄዱን ሐኪም ቤት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እሱ አጭዶት ቢሆን ሐሙስ ጠውልጎ ይገኝ ነበር፤ ይሄ ግን ገና ለምለም ነው። ሐሙስ የበሩን ቁልፍ የወሰዳችሁት ደግሞ እናንተ ብቻ ናችሁ።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሣሩን የተሸከመው ይሄ ነው። ቆርቆሮውንም ከአጥሩ ጀርባ አግኝቼዋለሁ። ለምን አነሣችሁት?»

ምላጩ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ፎቶውን አበላሸብን። ካርቶኑን እኔ ቆረጥኩ። ስንጨርስ ረጅሙ ቆርቆሮውን የሚመልሰው መስሎኝ...»

«እኔ ደግሞ እሷ!» አለ ረጅሙ።

«እኔም እናንተ መስላችሁኝ ነው የሄድኩት» አለች ባለመነጽሯ። «መምህራችን ሲሞት ግን ገብቶናል። አባባን ሲወስዷቸው ቆሜ አየሁ። ዝም አልኩ... እኔ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እንግዲህ ‹እኔ› ማለት ትችሉ ኖሯል...» ኢንስፔክተሯ ልትቀጥል ነበር፤ ዓይኗ ከዘበኛው ዓይን ሲገጥም ወደ በሩ ዞራ ፖሊሶቹን ጠራች።

ፖሊሶች ሦስቱን ይዘው ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች።

«አባባ፣ በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ‹እርስዎ› ሆንኩ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ትናንት ወለደች። እኔ አንቺ ጣቢያ ነበርኩ።»

ሽማግሌው ወጥተው ቀጥታ ወደ ባዶው ግቢ ሄዱ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ተከተለቻቸው። ከአጥሩ ጀርባ ቆርቆሮውን ሲያነሡ በሌላው ጫፍ ያዘች። አልከለከሏትም፤ አላመሰገኗትምም። ተሸክመው የጉድጓዱን አፍ ከደኑ።

«ድንጋዩን አንቺ አምጪ» አሏት።

አመጣች።