የመስታወቱ ፊትና ጀርባ

ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ «ተው ባክህ፣ አትቅደድ!» ይለኛል። እኔ ግን እምላለሁ፦ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ሶል ይድረቅ።

ሰውዬው የሞተው ጥይት በማይበሳው መኪና ውስጥ፣ በጥይት ነው።

መኪናው የገዛ ፋብሪካው ሥራ ነበር። የባንክ ጭነትና ትልልቅ ሰዎች የሚሄዱባቸውን፣ በራቸውን ለመዝጋት ቁርስ ጠግቦ መምጣት የሚጠይቁ የብረት መኪናዎች ይሠራል። ሠራተኞቹ «ጋሼ ብረት» ይሉታል። ጋሼ ብረት አንድ ልማድ ነበረው። ገዢ ሲመጣ አዲሱን መኪና ጓሮ ያስወጣና የሾፌሩ ወንበር ላይ ራሱ ይሰየማል። ታናሽ ወንድሙ ጨርቅ ይዞ ብቅ ይልና የበሩን መስታወት በገዢው ፊት ከውጭ በኩል ይወለውላል። ከዚያ የጋሼ ብረት አንድያ ልጅ፣ ጠመንጃ እንደ መርፌ የምትይዝ ሴት፣ መስታወቱ ላይ ትተኩሳለች። መስታወቱ ይሰነጣጠቃል፤ አባት እየሳቀ ይወርዳል፤ ገዢ ያጨበጭባል።

የዚያን ቀን ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። አባት ከመስታወቱ ጀርባ ልጁን በዓይኑ ጠቀሳት። ተኮሰች። ገዢው ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። በሩ ግን አልተከፈተም።

የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ድቡልቡል፣ ከአፏ ከረሜላ የማይለይ ሴት ናት። «እትዬ ለምን» ይሏታል። ባሏ ጥሏት የሄደው «ለምን ታንኮራፋለህ?» ብላ ከእንቅልፉ ቀስቅሳ እስኪነጋ ስለመረመረችው ነው አሉ።

ስትደርስ ጥበቃዎቹ መስታወት ገጣሚውን እጁን የፊጥኝ አስረው ብረት ክምር ላይ አስቀምጠውታል። ወፍራም መነጽር ስለሚያደርግ «መነጽሬ» ይሉታል።

«ለምን አሰሩህ?»

«መስታወቱን የገጠምኩት እኔ ነኛ፣ እትዬ። ትናንት ደግሞ ከጋሼ ጋር ተጨቃጭቀናል። ‹ይሄ ትርኢት አንድ ቀን ይበላሃል› አልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቷል። በቃ፣ እኔን ነው የሚሰቅሉኝ።»

«እስኪሰቅሉህ ድረስ መስታወቱን አስረዳኝ።»

«ድርብ ነው። ፊቱ ጠንካራ መስታወት፣ ጀርባው ለስላሳ ፕላስቲክ። ከውጭ የመጣ ጥይት መስታወቱ ላይ ጉልበቱን ይጨርስና ፕላስቲኩ ይይዘዋል። ከውስጥ የተተኮሰ ግን አልፎ ይሄዳል፤ የተከበበ ሰው መልሶ እንዲተኩስ ተብሎ ነው።»

«ተገልብጦ ቢገባስ?»

መነጽሬ አቀረቀረ። «ተገልብጦ ነው የገባው፣ እትዬ። ቀዳዳውን አይቻለሁ። እኔ ግን ስገጥመው ፊቱ ወደ ውጭ ነበር። ልጆቼን!»

ልጅቱ ጎማ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃለች፤ የሌላ ሰው እጅ የተሸከመች ትመስላለች። እትዬ ለምን አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዓይኑን አይተሽው ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ታንጸባርቅ ነበር። ፊቱ አይታየኝም። እሱስ አይቶኝ ይሆን?»

እትዬ ለምን ከረሜላ ሰጠቻት። ልጅቱ በግራ እጇ ተቀበለች።

ወንድምየው ቢሮ ነበር። ንጹሕ ሰው ነው፤ ሲያለቅስ እንኳ መሐረቡን በአራት አጥፎ ነው።

«መስታወቱን የወለወሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እንደወትሮው።»

«በምን?»

«በቲነር ነዋ! የማጣበቂያውን ቅሪት ሌላ ምን ያስለቅቀዋል? ለመሆኑ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ እትዬ? ፍሬሙን ፈቶ መግጠም የሚችል ያ መነጽራም ነው።»

«እርስዎ አይችሉም?»

«ድሮ ከወንድሜ ጋር በሁለት እጃችን ነው የጀመርነው፤» አለና ቶሎ ብሎ፣ «አሁን ረስቼዋለሁ» ሲል ጨመረ።

ገዢው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ልሂድ እንጂ። እኔ ሰው ሲሞት ልይ አልመጣሁም። እስከዚያች ሰዓት ካለፈው ጊዜ የተሻለ ትርኢት ነበር።»

«ለምን ተሻለ?»

«ያለፈው ጊዜ ያ ቲነር ራሴን ሊፈልጠው ነበር። ዛሬ ምንም አልሸተተኝም።»

እትዬ ለምን ከረሜላዋን መምጠጥ አቆመች። የሚያውቋት እንደሚሉት ይህ ሲሆን አንድ ሰው አለቀለት።

ሁሉንም ጓሮ ሰብስባ መኪናው ዙሪያ አቆመቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎበታል።

«መነጽሬ፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ፊት በምን ነው የምትወለውሉት?»

«በሳሙና ውሃ ብቻ። ቲነር ፕላስቲኩን ከነካው ጉም ይለብሳል።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«ጥበቃው ሳይቀር።»

የቲነር ቆርቆሮ አስመጣች፤ ጨርቅ ነከረችና ከቀዳዳው ጎን ያለውን ንጹሕ ቦታ ከውጭ በኩል አንዴ ወለወለችው። ጥርት ያለው መስታወት ወዲያው ወተት የተደፋበት መሰለ።

«ዛሬ ጠዋት ይህ ፊት በቲነር ተወልውሎ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ ይጨማለቅ ነበር። ጋሼ ብረትም መገልበጡን አይቶ ዘሎ ይወርድ ነበር። ግን እስካሁን ጥርት ብሎ ነበር። ስለዚህ ቲነር አልነካውም። እርስዎ ደግሞ በቲነር ወለወልኩ አሉኝ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ! ተሳስቼ ይሆናል፤ ሳሙና ይሆናል...»

«ለምን? ዕድሜ ልክዎን በቲነር ወልውለው፣ መስታወቱ በተገለበጠበት ቀን ለምን ሳሙና? ቲነሩን የሚፈራው ፕላስቲኩ ውጭ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

«መነጽሬስ? እሱ አያውቅም?»

«መነጽሬ ገልብጦት ቢሆን እርስዎ በቲነርዎ መጥተው በገዢ ፊት እንደሚያጋልጡት ያውቃል። ይህን ዘዴ ሊያስብ የሚችለው ጨርቁን የሚይዘው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሳሙና ነከሩ፤ በአንድ ጨርቅ ወንድምዎን ገደሉ።»

ልጅቱ ከጎማው ላይ ተነሣች።

«‹ሌላ ጊዜ ጥግ ጥጉን ነው የምትመቺው፤ ዛሬ ገዢው ትልቅ ነው፣ ፊት ለፊቱን› አልከኝ እኮ አጎቴ!»

ወንድምየው መሐረቡን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ወለወልኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ሁሉ በመስታወቱ እሱን ያያል፤ ለእሱ ያጨበጭባል። የወለወለውን ማን አየ? ይሁን አልኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወንበሩን ለማን እንደሚለቅ ነገረኝ።»

«ለኔ» አለች ልጅቱ።

«ላንቺ።»

«ስለዚህ በኔ እጅ?»

ሲወስዱት ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ መኪናው ላይ አኖረው፤ እንደ ደንቡ፣ ሥራ ሲጨርስ እንደሚያደርገው።

መነጽሬን ፈቱት። የታሠረበትን እያሻሸ ወደ ልጅቱ ሄደና አጠገቧ ቆመ።

«አንተን ፈቱህ» አለችው። «ይህቺን ጣትስ ማን ይፈታልኛል?»

እትዬ ለምን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

ገዢው ግን ነበረው። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና፣ «ይቅርታ፣ በትክክል ሲገጠም ግን ይሠራል አይደል?» አለ። ይሠራል አሉት። ገዛ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የእትዬ ለምን ባል ማንኮራፋት ሳይቀር። የጨመርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ጋሼ ብረት ልጁን አልጠቀሳትም። በሩን ሲከፍቱ ስልኩ ጭኑ ላይ እንደበራ ነበር፤ የካርታ ጨዋታው ገና አላለቀም። መስታወቱን ያን ያህል ያምነው ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። ግን ልጅቱ ባገኘችኝ ቁጥር «አይቶኝ ይሆን?» እያለች ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ጠቀሳት።