የቲዋ አናናስ

ክዋጆ ቤርኮ ማክሰኞ ማታ እራት ሳይበላ ተኛ። ረቡዕ ንጋት ላይ ሚስቱ አፍራኮማ ልትቀሰቅሰው ስትነካው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ አገኘችው።

«ሳንባው ውሃ ሞልቷል» አለ ሐኪሙ። «የአሲድ ጢስ ነው። ሰው ሲተነፍሰው ትንሽ ያስለዋል፤ ከዚያ የተሻለው ይመስለዋል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው የሚገድለው።»

«እንግዲያው የሞተው ቤቱ ይሁን እንጂ ሞቱን ይዞ የመጣው ከሥራው ነው» አለች ኢንስፔክተር ዱፊ አምፔም፤ ጡረታ ሊያስወጧት ሰባት ወር የቀራት ቀጭን ሴት ነች።

ክዋጆ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው በጋናዋ ኩማሲ ከተማ በአንድ ቤተ ሙከራ ነው። በቅርቡ የያዘው ሥራ በከተማው ሱቆች በሚሸጡ ፍራፍሬዎች ላይ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች መኖራቸውን መፈተሽ ነበር። ፍሬው በአሲድ ይቀቀላል፤ ጢሱን ትልቅ ፋን ወደ ውጭ ይስባል። የኃላፊው የፕሮፌሰር ፍሬምፖንግ ቢሮ ከአሲዱ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ክዋጆ አሲዱ ክፍል ሳለ፣ የት ነበሩ?» አለች ዱፊ።

«ምን አሉኝ?»

«የት ነበሩ!»

«ይቅርታ፣ ይሄ ፋን አያሰማም!» ፕሮፌሰሩ ወንበሩን አስጠጋ። «እዚሁ። ለሬዲዮ ስለ ጥናታችን ቃለ መጠይቅ እሰጥ ነበር። መብራት ጠፋ፤ አገራችን አይደል? ፋኑ ቆመ። ክዋጆ ደግሞ ግትር ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራ ጀምሮ አይወጣም።»

በቀጣዩ ክፍል የመለኪያው ማሽን አጠገብ ሰርዋ የምትባል ተማሪ ተቀምጣለች። ስትናገር ዓይኗን ከወለሉ አታነሳም። ዱፊ ማሽኑ ያተመውን ወረቀት አገላበጠች። ዘጠኝ ከአራት፣ ዘጠኝ ከአሥራ አንድ፣ ዘጠኝ ከአሥራ ስምንት፤ በየሰባት ደቂቃው አንድ ውጤት፣ እስከ አሥር ሰዓት።

«ክዋጆ ሲቀቅል የነበረው የማንን ፍሬ ነው?»

ሰርዋ ወንበሯን ወደ ማሽኑ አዞረች።

«ብልቃጦቹ ላይ የአሥራ አራት ሱቆች ስም አለ። ውጤታቸው ግን ባለፈው ሳምንት ታትሟል። የተፈተሸ ነገር ለምን እንደገና ይፈተሻል?»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሦስተኛዋ ተጠርጣሪ ፍራፍሬ ሻጯ ቲዋ ነበረች። ማክሰኞ ዕለት ግቢው ውስጥ ስትራገም ያልሰማት የለም። ዱፊ ስትመጣባት ባዶ ሱቋ ውስጥ ዝንብ እያባረረች ነበር።

«አንቺም መጣሽ? በይ እሰሪኝ! ባለፈው ሳምንት ስሜን አተሙ፤ ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ በሬዲዮ ጠሩት፤ የቲዋ አናናስ እርሳስ አለበት አሉ። ይኸው ደንበኛ ፊቱን አዙሮ ያልፋል።»

«ክዋጆን አነጋግረሽው ነበር?»

«ሰው አድርጎ ያነጋገረኝ እሱ ብቻ ነው። ‹አክስቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ› አለኝ። ከዚያ ዘበኛው ከበር አስወጥቶ ዘጋብኝ።»

ዱፊ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ማክሰኞ ማታ ሬዲዮውን ሰምታ ከዚሁ ሱቅ የገዛችውን አናናስ የጣለች፣ ለጎረቤትም ያወራች እሷ ነበረች።

በሳምንቱ ሁሉንም ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አፍራኮማም ጥቁር ለብሳ መጣች።

«መብራት አልጠፋም» ብላ ጀመረች ዱፊ። «ማሽኑ ሰዓቱን ሙሉ ሠርቷል። የቆመው ፋኑ ብቻ ነው፤ ማጥፊያው ያለው ኮሪደር ላይ፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰርዋ በየሰባት ደቂቃው ማሽኑ ላይ ነበረች። ቲዋ ከግቢው በር ውጭ ነበረች። ደግሞም የሳጥኑ ቁልፍ አንድ ነው።»

ፕሮፌሰሩ የኪሱን አፍ በእጁ ያዘ።

«እዚህ ቢሮ ሳነጋግርዎ ፋኑ ስለሚጮህ መደማመጥ አቅቶን ነበር። በሬዲዮ የሰማሁት ድምፅዎ ግን ጥርት ያለ ነው። ገረመኝ። ስለዚህ ጋዜጠኛውን ያልተቆረጠውን ቅጂ ጠየቅሁት።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። መጀመሪያ የፋኑ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ጋዜጠኛው፣ «ፕሮፌሰር፣ ይሄ ጩኸት ቀረጻውን ያበላሽብናል።» «ቆይ፣ ላጥፋው።» እርምጃ፣ የቁልፍ ኳኳታ፣ ጸጥታ። ከዚያ የፕሮፌሰሩ ድምፅ ስለ ሕዝብ ጤና ረጋ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። በመሃል በር ተንኳኳ። ሳል ያፈነው ድምፅ፣ «ፕሮፌሰር፣ ፋኑ…»

«እንግዳ አለኝ፣ ክዋጆ! ትንሽ ጠብቅ።»

ሁለት ጊዜ ደግሞ ተንኳኳ። ማንም አልከፈተም።

«ልገድለው አላሰብኩም» አለ ፕሮፌሰሩ። «ይወጣል ብዬ ነው። እንግዳ ፊት… የተናቅሁ መሰለኝ። ሲሞት ደግሞ መናገር አፈርኩ።»

«ትቶት ቢወጣ ፍሬው ያርር ነበር፤ ለምርመራ የቀረ ሌላ ፍሬ አልነበረም» አለች ዱፊ። «ያበሰላቸውን ብልቃጦች ሌላ ቤተ ሙከራ አስፈትሼአለሁ። የቲዋ አናናስ ንጹሕ ነው። እናንተ ንጹሕ ያላችሁት የትልቁ መደብር መንደሪን ግን እርሳስ አለበት። ሕዝቡ ከቲዋ ሸሽቶ ሲገዛ የከረመው እሱን ነው።»

«እኔ ነኝ!» ሰርዋ ከወንበሯ ተነሳች። «ያኔ ማሽኑ ተበላሽቶ፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ፣ የአሥራ አራቱን ሱቆች ቁጥር ከራሴ ጻፍኩ። እሱ ደረሰበት። አልከሰሰኝም። ‹ሂጂ ሌላውን ለኪ፣ ይሄን እኔ አስተካክለዋለሁ› አለኝ።»

«ከራስሽ?» አለች ቲዋ። «ስሜን ከራስሽ አውጥተሽ?»

ሰርዋ ወደ አፍራኮማ ዞረች፤ ልትንበረከክ ስትል ሴትየዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ማክሰኞ ማታ ምን ሆነሃል ብዬ ጠይቄው ነበር» አለች አፍራኮማ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ‹የልጅቷን ሥራ ሁለት ብልቃጥ ሳልጨርስላት ወጣሁ፤ አፈርኩ› አለኝ።»