በጉም ቀን የተመዘነው አየር መርከብ

«አሁንም ይወርዳል» አለች ሪኬ።

እጀታውን ለቃ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ነበር። አውቶቡስ የሚያህለው፣ በቀላል ጋዝ የተነፋው ብርማ አየር መርከብ ለአፍታ ባለበት ቆየና ቀስ እያለ ወደ ሳሩ መውረድ ጀመረ። ቶሎ ብላ ከታች ደገፈችው። አየር መርከብ ሳይመዘን አይነሣም። ሲለቁት ሳይወጣም ሳይወርድም ከተንሳፈፈ ብቻ መዛኟ፣ ዛሬ ሪኬ፣ «ተስተካክሏል» ትላለች፤ እሷ ካላለች ደግሞ ዳኛም ቢሆን አያስነሣውም። በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

ጉሙ የቦደንዜን ሐይቅ ከሸፈነው ሳምንት አልፎታል። ኅዳር እዚህ ሲገባ ሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል። በፀሐይ ኃይል ብቻ የሚበርሩ መርከቦችን ለማወዳደር ይህን ቀን የመረጠው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

«እርጥበቱ ነው ያከበደው፤ ደህና አድርገሽ ጥረጊው» አለ ቬንዴሊን። መሪው እሱ ነው። የርቀት መቆጣጠሪያ ሣጥኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያኛው ይቆማል።

«ሁለቴ ጠረግኩት።»

«እንግዲያው አሸዋ ቀንሺ። ምን ታካብጃለሽ!»

ቀነሰች። የአሸዋ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ስታወርድ ቀዩ ብቻ ቀረ። ቀዩ መጠባበቂያ ነው፤ መርከቡ ሐይቁ ላይ ሳለ መውረድ ከጀመረ እሱን ጥሎ ይተርፋል። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ሲመዘን ያን ሁሉ አሸዋ ተሸክሞ ተንሳፍፎ ነበር። ዛሬ ቀዩን ብቻ ይዞ ይወርዳል። እርጥበት ይህን ያህል አይከብድም።

እጇን በመርከቡ ሆድ ሥር ሰደደች። የሞተሩ ሽቦ የሚገባበት አጠገብ አዲስ ፕላስተር ነካች፤ ከሥሩ ደግሞ ጡብ የሚያህል ጠንካራ ነገር ነበር። ባትሪ።

 በውድድሩ ሕግ ባትሪ የሚባል ነገር መርከቡ ላይ መኖር የለበትም። ያበገናት ግን እሱ አልነበረም። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለች ቬንዴሊን ደውሎ፣ «ሪኬ! ዞረ እኮ! በዚህ ጉም ያንቺ ሶላር ሞተሩን አዞረው!» ብሏት ነበር። በመርከቡ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ስስ ሶላር ነድፋ የሠራችው እሷ ናት፤ መከሩን ሙሉ የለፋችው በእሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ስትዘል ቅቤ የተቀባው ብሬትዝል ዳቦዋ ከእጇ ወድቋል።

«ቬንዲ፣ ጠዋት የዞረው በዚህ ነው?»

ቬንዴሊን ወደ ዳኛው ዞር ብሎ አየ። ዳኛው ገና ከጎረቤት ቡድን ጋር ናቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በያ! ፀሐይ ትወጣለች ብለሽ ነው? አትወጣም። ሌሎቹም አይንቀሳቀሱም። እኛ ትንሽ ብንንቀሳቀስ አለቀ።»

«ለዳኛው መዋሸትህ ይሁን። እኔ ጋ ደውለህ ምን አስዋሸህ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ለምን እንዳደረገው ታውቃለች። የሚያሸንፈውን መሪ የአየር መርከብ ፋብሪካው ለሥልጠና ይወስደዋል። የቬንዴሊን ቤተሰብ የገና በዓል ሲደርስ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሬመርሃፈን ሊሄድ ነው። ሥልጠናውን ካገኘ አክስቱ ቤት ይቀራል፤ ካላገኘ ይሄዳል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እንዲቀር ከእሱ ይልቅ የምትፈልገው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«ቀዩን አውርጂው በቃ። አንድ ዙር ብቻ ነው፣ በናትሽ።»

«ሐይቁ ላይ እርጥበት ከጨመረበትስ? ምኑን ይጥላል?»

 የፊዚክስ መምህራቸው ፍራው ኦበርሌ ዳኛውን አስከትለው መጡ።

«እህስ ልጆች፣ መዛኛችን ምን ትላለች?»

የሪኬ ጣቶች በቀዩ ከረጢት ማሰሪያ ላይ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብትስበው ይፈታል። ቬንዴሊን ዓይኑን ጣል አድርጎባት መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ከብዷል።»

«ታዲያ ቀንሺለታ!» አሉ ፍራው ኦበርሌ።

«የሚቀነስ የለም።» እጇን ከማሰሪያው ላይ አነሣች። «ሆዱ ይከፈት።»

የከፈተው ቬንዴሊን ራሱ ነው። የጮኸ አልነበረም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ዳኛው ባትሪውን ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ መሪው ከውድድር ውጭ መሆኑን፣ መርከቡ ግን ለማየት ያህል በገመድ ታስሮ ሊነሣ እንደሚችል ተናገሩ። ሪኬ አሸዋውን መልሳ መዘነች። «ተስተካክሏል» አለች። 

መርከቡ ወጣ። ሞተሩ አልዞረም። ጉሙ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ፤ የሚታየው የታሰረበት ገመድ ብቻ ነበር። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ትንሽ ጠበቀና ወደየሥራው ተመለሰ። ጎትታ ያወረደችው ብቻዋን ነው።

ማምሻውን ወደ ቤት በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ቬንዴሊንን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ ቦርሳውን አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አኑሮ አገኘችው። ከኋላ ባዶ ወንበር ሞልቷል።

«ሰው አለው?» አለችው።

 ቦርሳውን አላነሣም።

ሪኬ ወደ ኋላ አላለፈችም። ከወንበሩ በላይ ያለውን ብረት ይዛ፣ አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር እየተንገዳገደች፣ ሰፈራቸው እስኪደርሱ አጠገቡ ቆመች።